በአይጥ ውስጥ የሚያድገው የሰው በሽታ መከላከያ፦ «ሙሉ» የምትለዋ ቃል ያናገረችው ክር

የውይይት መድረኩን ክር የከፈተው ሰው ደብረ ብርሃን ላይ ለላብራቶሪ ተማሪዎች የሚሰጠውን ትምህርት እያሰናዳ ነው። ጽሑፉ አጭር ነው። ከእትብት ደም ተለይቶ የወጣ የሰው ስቴም ሴል፣ ማለትም ሌሎቹን የደም ሴሎች የሚያስገኝ ወላጅ ሴል፣ የራሷ በሽታ መከላከያ ለሌላት አይጥ ሲሰጥ ሙሉ የሰው በሽታ መከላከያ ይበቅልባታል፤ ስለዚህ የክትባት ሙከራ ሰው ዘንድ ሳይደርስ በዚህች አይጥ ማለቅ ይችላል ይላል። ሁለት ጥያቄም አስከትሏል። አንቲቦዲ የሚያመነጩት ቢ ሴሎች በሁለት ወር ውስጥ ሲታዩ በበሽታ የተያዘን ሴል የሚያጠቁት ቲ ሴሎች ለምን ሦስት ወርና ከዚያ በላይ ይቆያሉ? አንድ ሰው ይህን ሥራ ደብረ ብርሃን ላይ ልጀምር ቢልስ ምን ይገጥመዋል? 23 መልስ መጣለት። ከሁለቱ ጥያቄዎች ይልቅ ብዙ ያናገረችው ግን «ሙሉ» የምትለዋ ቃል ናት።

1ኛው መልስ ሰላምታውን አሟልቶ ከአይጧ ዘር ጀመረ። ተራ አይጥ የሰው ሴል ቢሰጣት የራሷ ተከላካይ በቀናት ውስጥ ጠራርጎ ያጠፋዋል። መንገዱ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1983 ፊላደልፊያ ላይ ቲ ሴልም ቢ ሴልም የሌላቸው፣ ስኪድ የተባሉ አይጦች ሲገኙ ነው። በ1988 ሁለት ቡድኖች በየፊናቸው የሰው ተከላካይ ሴሎችን በነዚህ አይጦች ውስጥ ማኖር ቻሉ። የሚበቅለው ግን ትንሽ ነበር፤ እንግዳ ሴልን የሚገድሉት የአይጧ ኤንኬ ሴሎች አልጠፉምና። ዛሬ በብዛት የሚሠራባቸው ሁለቱ ዘሮች፣ በ2002 ከጃፓን የወጣችው ኖግና በ2005 ከአሜሪካ የወጣችው ኤንኤስጂ፣ ከስኪድ ጉድለት በተጨማሪ የኢንተርሉኪን 2 ተቀባይ ጋማ ሰንሰለት የተሰበረባቸው ናቸው። ያቺ ሰንሰለት ከሌለች ኤንኬ ሴል አይሠራም።

2ኛው ጥሩ ጭማሪ ነው። ለኖግና ለኤንኤስጂ መሠረት የሆነችው ኖድ የተባለች ዘር ለምን እንደተመረጠች ነገረን። ሴል በሚበሉት ማክሮፋጆቿ ላይ ያለው ሰርፕ አልፋ የተባለ ፕሮቲን ከሰው ሴል ሲዲ47 ጋር አጥብቆ ይያያዛል፤ ሲያያዝ ማክሮፋጁ ያንን ሴል እንዳይበላ ይታገዳል። በሌሎች ዘሮች መያያዙ ደካማ ስለሆነ የገባው ሴል ይበላል። ምክንያቱ የታወቀው በ2007 ነው፤ ኖድ እንደምትሻል ግን ሰዎች ከዚያ በፊት በሥራ ደርሰውበት ነበር። 3ኛው አመስግኖ አለፈ።

ሥራ የሚሠራ ሰው አትሞ ግድግዳ ላይ ሊለጥፈው የሚገባው 4ኛው ነው። ደሙ በረጋት መከላከያ ከረጢት ይሰበሰብ፣ በ24 ሰዓት ውስጥም ይሠራበት ብሎ ጀመረ። ከዚያ ደሙን ፒቢኤስ በተባለ የጨው መፍትሔ ማቅጠን፤ በ50 ሚሊ ሊትር ቱቦ ውስጥ 15 ሚሊ ሊትር ጥግግቱ 1.077 የሆነ፣ ሴሎችን በክብደታቸው የሚለይ ፊኮል የተባለ ፈሳሽ ማድረግ፤ የቀጠነውን ደም 30 ሚሊ ሊትር ያህል ቱቦውን አጋድሞ በግድግዳው ላይ ቀስ ብሎ ማንሳፈፍ። ሴንትሪፊውጁ በ400 ጂ ለ30 ደቂቃ ይዙር፤ ፍሬኑ ግን ይጥፋ። ፍሬን በርቶ የቆመ ሴንትሪፊውጅ ተፈላጊዎቹ ሴሎች ያሉበትን ነጭ ሽፋን ከፊኮሉ ጋር ያማታዋል። ሽፋኑን በፒፔት ለቅሞ ሁለት ጊዜ ማጠብ፣ ሁለተኛውን በ200 ጂ ብቻ። ሴሎቹ በዚህ ፍጥነት ይወርዳሉ፤ ፕሌትሌቱ ላይ ቀርቶ ይደፋል። ፕሌትሌት ካልተወገደ ሴሎቹ ተያይዘው የማግኔት ኮለሙን ይደፍናሉ፤ ስለዚህ ከኮለሙ በፊት በ30 ማይክሮን ማጣሪያ ማሳለፍ ግድ ነው። ማጠቢያው ፒቢኤስ፣ 0.5 በመቶ አልቡሚንና 2 ሚሊሞላር ኢዲቲኤ ሆኖ ብርድ ላይ ይቆይ። ለ100 ሚሊዮን ሴል 300 ማይክሮ ሊትር ማጠቢያ፣ 100 ማይክሮ ሊትር የኤፍሲ ማገጃና 100 ማይክሮ ሊትር የሲዲ34 ቢድ (የስቴም ሴል ምልክት በሆነው ሲዲ34 ላይ የሚጣበቅ የማግኔት ቅንጣት) አስገብቶ በማቀዝቀዣ ሙቀት 30 ደቂቃ ማቆየት። በአንድ ኮለም ብቻ የሚወጣው ንጹሕ አይደለም፤ በሁለተኛ ኮለም ሲደገም ከ90 በመቶ በላይ ይሆናል።

ይኸው ሰው መጨረሻ ላይ ያሰመረበት ነገር የቲ ሴል ምልክት የሆነው የሲዲ3 ቁጥር ነው። በተለየው ሴል ውስጥ የበሰለ ቲ ሴል ከ1 በመቶ መብለጥ የለበትም፤ ከዚያም ባነሰ ቁጥር ይሻላል። የበሰሉት ቲ ሴሎች የአይጧን አካል እንግዳ አድርገው ይነሡባታል፤ በሳምንታት ውስጥ ጠጉሯ ይቆማል፣ ጀርባዋ ይጎብጣል፣ ክብደቷ ይወርዳል። አይጧ በጨረር ወይም በኢንፌክሽን የታመመች እየመሰለ ስንት ሥራ በዚህ እንደሚባክን ያልጻፈው ከትሕትና ይመስለኛል። ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር የሚሆን አንድ የእትብት ደም፣ ከብክነቱ የተረፈው ተቆጥሮ፣ መልካም ከሆነ ለአሥር አይጥ ገደማ የሚበቃ ሲዲ34 ሴል ይሰጣል። ከደም ደም ግን ይለያያል፤ ስለዚህ የተለያዩ ሕፃናትን ደም ቀላቅሎ አንድ ውጤት ማውጣት ሌላ ጣጣ ነው።

5ኛዋ አዋላጅ መሆኗ ከአጻጻፏ ይታወቃል። 4ኛው ደሙ ከየት እንደሚመጣ ሳይነግረን ስለ ከረጢቱ ማውራቱን በለሆሳስ ነቀፈች። የዓለም ጤና ድርጅት እትብት ከ1 እስከ 3 ደቂቃ ቆይቶ እንዲቆረጥ ይመክራል፤ የሕፃኑ የብረት ክምችት የሚሞላው በዚያ ደም ነው። ለምርምር ሲባል ቶሎ አይቆረጥም፤ የሚሰበሰበው በእንግዴ ልጁ ውስጥ የተረፈው ብቻ ነው፤ ማነሱም ይታወቅ። ሁለተኛው ነገሯ ስለ ፈቃድ ነው። እትብቱ የተቀበረበት ሲባል የሰው አገሩ ማለት በሆነበት ምድር፣ እናትየዋ የምትጠየቀው ስለ ደሙ ብቻ መሆኑና የእንግዴ ልጁ ለቤተሰቡ እንደሚመለስ በግልጽ ሊነገራት ይገባል። ጥያቄውም ምጥ ሳይጀምራት በክትትል ጊዜ መቅረብ አለበት። ክሩ ውስጥ ይህን ያነሳ ሌላ ማንም የለም።

6ኛው ወደ ፊኮል መለሰንና 4ኛውን አረመ። ከ18 እስከ 20 ዲግሪ ያልሆነ ፊኮል እንደታሰበው አይለይም፤ ደብረ ብርሃን ላይ ደግሞ በጥቅምትና በኅዳር ውርጭ ጠዋት ክፍሉ ከዚያ በእጅጉ ይወርዳል። ሲበርድ ቀይ ሴሎች እርስ በርስ መጣበቃቸው ይዘገያል፣ ቶሎ አይወርዱም፣ ነጩ ሽፋን ቀልቶ ይወጣል። ሲሞቅ ደግሞ የቀይ ሴል ጉብታው ነጩን ይዞ ይወርዳል። መፍትሔው ፊኮሉንም ደሙንም ቀድሞ ክፍሉ ውስጥ ማሞቅና የሴንትሪፊውጁን ሙቀት 20 ላይ ማስተካከል ነው። የእትብት ደም ከአዋቂ ደም የሚለየው ኒውክሊየስ ያላቸው ቀይ ሴሎች ስላሉት ነው፤ እነዚህ ነጩ ሽፋን ላይ ይቀራሉና በአሞኒየም ክሎራይድ መሟሟት አለባቸው። ካልሆነ ቆጣሪው እንደ ነጭ ሴል ይቆጥራቸዋል።

7ኛው የአይጧን መቅኔ ቦታ የሚያስለቅቀውን ጨረርና መርፌን አነሳ። ለኤንኤስጂ አዲስ የተወለደች አይጥ 1 ግሬይ፣ ለአዋቂዋ ከ2 እስከ 2.4 ግሬይ፤ ሴሉ በዚያው ቀን ወይም በማግሥቱ ይሰጣል። የአዲስ ውልዷ መርፌ በቀጥታ ጉበት ውስጥ ነው፤ ቆዳዋ ስስ በመሆኑ ጉበቱ በዓይን ይታያል፤ 30 ማይክሮ ሊትር በኢንሱሊን መርፌ ይበቃል። ለአዋቂዋ ጅራቷን አሙቆ በደም ሥሩ መስጠት ነው። ጅራቱ ላይ እብጠት ከታየ መርፌው ከደም ሥር ወጥቷልና ያች አይጥ ከቆጠራው ትውጣ። ለአንዲት አይጥ ከ30 ሺህ እስከ 100 ሺህ ሲዲ34 ሴል። ሴት አይጦች ከወንዶቹ ይልቅ የሰውን ሴል ይቀበላሉ፤ ስለዚህ ሁለቱን ቀላቅሎ ማወዳደር ስሕተት ነው። ጨረር የሌለው ሰው ቡሱልፋን የተባለ መድኃኒት ይጠቀማል፤ ወይም የኪት ጂኗ የተለወጠባትንና ጨረር የማትፈልገውን ዘር ይይዛል።

ቃናው የተለወጠው እዚህ ነው። 8ኛው የ7ኛውን ቁጥር ለሁሉም ዘር እንደሚሠራ አድርጎ ማቅረብ አይጥ መግደል ነው አለ፤ ሻካራ ቢሆንም እውነት አለው። ስኪድ ማለት የተሰበረ ዲኤንኤ የሚጠግነው ፕሮቲን የተበላሸበት ማለት ነው፤ ስለዚህ የእነርሱ ጨረር ዝቅተኛ ነው። ቲና ቢ ሴል ያጡት ራግ የተባለው ጂናቸው ተሰብሮ የሆነ ዘሮች ግን ጥገናቸው ጤነኛ በመሆኑ ከእጥፍ በላይ ይችላሉ። የሁለቱ ሠንጠረዥ ከተለዋወጠ አንደኛዋ ትሞታለች፣ ሌላኛዋ ላይ መቅኔው ቦታ ሳይለቅ የሰው ሴል አይተከልም። 7ኛው ኤንኤስጂ ብሎ መጻፉን አስታውሶ በ9ኛው መልስ ተከላከለ። ትክክል ነው፣ ጽፏል፤ ግን በአንድ ቃል ያለፈው ነገር ማስጠንቀቂያ ይገባው ነበር።

10ኛው ለእኔ የክሩ እምብርት ነው። ቲ ሴል ለምን እንደሚዘገይ የመለሰ እርሱ ብቻ ነው። ስቴም ሴሉ መቅኔ ውስጥ ይቀመጣል፤ ቢ ሴል እዚያው ይሠራል፣ በስድስትና በስምንት ሳምንት ደም ውስጥ ይታያል። ቲ ሴል ግን የሚሠራው መቅኔ ውስጥ አይደለም፤ ከመቅኔ የወጣ ወላጅ ሴል ደረት ውስጥ እስካለው ታይመስ የተባለ እጢ ድረስ መሄድ አለበት። የዚህች አይጥ ታይመስ ደግሞ ኮስሷል፤ ግድግዳውን የሚሠሩት ሴሎች የሚበለጽጉት ቲ ሴሎች ሲኖሩ ነውና። የመጀመሪያዎቹ የሰው ሴሎች ሲደርሱ ባዶ ቤት ነው የሚገቡት፤ እየኖሩ ቤቱን ያቀናሉ። በዚያ ላይ ሲዲ4 እና ሲዲ8 የተባሉት የቲ ሴል ምልክቶች ሁለቱም የሌሉበት፣ ሁለቱም ያለበት፣ አንዱ ብቻ የቀረበት ደረጃ አለ። ይህ ሁሉ ሲደመር 10፣ 12 ሳምንት ይሄዳል፤ ቁጥራቸው የሚያጠግበው በ16ኛው ሳምንት አካባቢ ነው። አዲስ ከተወለደችው ይልቅ አዋቂዋ ላይ የሚያንሰውም ታይመሷ ከዕድሜዋ ጋር ስለሚሟሽሽ ነው።

ቀጥሎ ያለው «ሙሉ» የምትለዋን ቃል የገደላት ነው። እነዚህ የሰው ቲ ሴሎች የሚያልፉትና የሚወድቁት በአይጥ ታይመስ ፈተና ነው፤ የራሳቸውን ከእንግዳው ለመለየት የሚማሩት አንቲጂን በሚያቀርቡት የአይጧ የኤምኤችሲ ሞለኪውሎች ነው። ደም ውስጥ ሲወጡ ግን አንቲጂን የሚያቀርቡላቸው የሰው ሴሎች የሰውን ኤምኤችሲ፣ ኤችኤልኤ የሚባለውን፣ የያዙ ናቸው። አንድ ቋንቋ ተምሮ በሌላ ቋንቋ እንደሚፈተን ተማሪ ማለት ነው። ለዚህ ነው ኤችኤልኤ ኤ2 የተጨመረባት ኤንኤስጂ የተሠራችው፤ ለዚህ ነው ከ2006 ጀምሮ የሰው ጉበትና ታይመስ ቁራጭ ከኩላሊቷ ሽፋን ሥር የሚተከልባት ቢኤልቲ የተባለች አይጥ የመጣችው። የኋለኛዋ ግን የፅንስ ሕብረ ሕዋስ ስለምትፈልግ የሥነ ምግባርና የሕግ ጥያቄ አለባት፤ ከተተከለው ቁራጭ የሚወጡት ቲ ሴሎችም በአይጧ ላይ ሊነሡ ይችላሉ።

11ኛው ከዚህ ተነሥቶ ክሩን የከፈተውን ሰው ክፉኛ ነካው። ተማሪ ፊት «ሙሉ» ብሎ የሚቆም መምህር ፊት ለፊት ያለውን ነገር አላየም ማለት ነው አለ። ፍርዱ ከባድ ነው። የተጠየቀው ጥያቄ ቅን ነበር። 12ኛው ጨዋነትን አስታውሶ ቁጣውን ወደ እውቀት መለሰው። የቢ ሴሎቹ አብዛኞቹ ገና ያልበሰሉ ናቸው፤ የሚያመነጩት በብዛት አይጂኤም የተባለውን የመጀመሪያ ዓይነት አንቲቦዲ ነው፤ ወደ አይጂጂ፣ ወደ በሰለው ዓይነት፣ መቀየሩና አንቲቦዲውን እየሳሉ ማጠንከሩ እጅግ ደካማ ነው። ያ ሥራ የሚሠራው በሊምፍ ኖድ ውስጥ ነው፤ የጋማ ሰንሰለት ጉድለት ግን ሊምፍ ኖዶቹ እንዳይገነቡ ያደርጋል። አንቲቦዲ የያዘውን ሴል የሚበሳው የደም ፕሮቲኖች ስብስብ፣ የአይጧ ኮምፕሊመንት፣ ደግሞ ሲ5 የሌለው ነው፤ ስለዚህ በኮምፕሊመንት የሚገድል አንቲቦዲ እዚያ አይገድልም። ክትባት ሰጥቶ ጠንካራ አይጂጂ መጠበቅ ለዚህ ነው የማያዋጣው።

13ኛው ሴሎች መልእክት የሚለዋወጡባቸውን ፕሮቲኖች፣ ሳይቶካይኖቹን፣ ጨመረ። የአይጧ ኢንተርሉኪን 15፣ ኢንተርሉኪን 3ና ጂኤም ሲኤስኤፍ በሰው ሴል ላይ በወጉ አይሠሩም፤ ለዚህ ነው ኤንኬና ማክሮፋጅ የሚያንሱት። ሦስት የሰው ሳይቶካይን የተጨመረባት ኤንኤስጂ ኤስጂኤም3 ይህን ታሻሽላለች፤ ግን ስቴም ሴሎቹን ታደክማለች፣ የሰው ማክሮፋጆችም ከልክ አልፈው አይጧን ደም ያሳንሷታል። በአጭር ጊዜ ለሚያልቅ ሥራ እንጂ ስድስት ወር ለሚቆይ አትሆንም።

14ኛው ከርዕሱ ወጣ። ስንት ጤና ጣቢያ የደም ቆጠራ ሪኤጀንት አጥቶ ሳለ ስለ ውጭ አይጥ ማውራት ቅንጦት ነው አለ። 15ኛው ሁለቱ በአንድ በጀት የሚሻሙ እንዳልሆኑና የኤችአይቪ ቫይረስ ተራ አይጥን ስለማይዝ የሰው ቲ ሴል ያላት አይጥ በመድኃኒት ሙከራ ላይ ጥቅም እንዳላት አስረዳ። 14ኛው አልተመለሰም። ስለ ሪኤጀንት እጥረቱ ያነሣው ቅሬታ ግን በክሩ ውስጥ መልስ አላገኘም።

16ኛው ከሸዋሮቢት ቆላ የሚጽፍ መሰለኝ፤ ወባን ጠየቀ። እርሱን 17ኛው መለሰለት። ፋልሲፓረም የተባለው የወባ ተውሳክ የአይጥን ቀይ ሴል አይገባም። የሰው ስቴም ሴል የተተከለባት አይጥ የሰው ቀይ ሴል በመቅኔዋ ብትሠራም፣ ደም ውስጥ ሲወጣ የጉበትና የጣፊያ ማክሮፋጆቿ ወዲያው ይበሉታል። ስለዚህ የወባ ሰዎች በየቀኑ የሰው ቀይ ደም እየሰጡ ነው የሚሠሩት። ወዲያው አንድ ቀልደኛ አይጥ ከሚያስመጡ የመንዝ በግ ለምን አይሞከርም አለ፤ ያ 18ኛው ነው። 19ኛው ቀልዱን እንደ ቁም ነገር ያዘው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የሰው ስቴም ሴል ገና መከላከያ ባላበጀ የበግ ፅንስ ውስጥ ተሰጥቶ ተክሏል፤ ፅንሱ እንግዳውን መለየት ከመጀመሩ በፊት መሆኑ ነው ምስጢሩ።

ከ20ኛው ጀምሮ ሁለተኛው ጥያቄ፣ የደብረ ብርሃን ነገር፣ ተነሣ። ማንም ያላሰበው ስለ ከፍታ ነበር። ደብረ ብርሃን 2,840 ሜትር አካባቢ ናት፤ ውኃ የሚፈላው በ91 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ባቄላ ለምን እንደሚቆይ ሴቶቹ ያውቁታል። የእነዚህ አይጦች ምግብ፣ ውኃና መኝታ በአውቶክሌቭ የጸዳ መሆን አለበት፤ ጤነኛ አይጥን የማይነካ ባክቴሪያና ፈንገስ እነርሱን ይገድላል። አውቶክሌቩ በግፊት መለኪያው 15 ፒኤስአይ ላይ ቢቆም በባሕር ጠለል 121 ዲግሪ ነው፤ እዚህ ግን ወደ 116 ብቻ ይደርሳል። ለ121 መለኪያው 19 ወይም 20 ፒኤስአይ ማሳየት አለበት። ማሽኑ ግፊቱን መሸከም ካልቻለ ጊዜ መጨመር ነው፤ በ121 ዲግሪ 15 ደቂቃ የሚበቃው በ116 ከ45 ደቂቃ በላይ ይፈልጋል። ለዚያውም የስፖር ማረጋገጫ ታክሎበት።

21ኛው በዚያው መስመር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጨመረ። ሴል ማሳደጊያው 5 በመቶ ቢያሳይም አየሩ ስስ በመሆኑ ሴሉ የሚያገኘው ባሕር ጠለል ላይ ከሚያገኘው አንድ ሦስተኛ ያህል ያንሳል፤ የሚዲያው ፒኤች በ0.15 ያህል ይወጣል፣ ቀለሙ ወደ ሮዝ ይሄዳል። ከ5 ወደ 7 በመቶ ማድረግ ያካክሳል። ሲዲ34 ሴል ለአንድ ሌሊት እንኳ በዚያ ውስጥ ቢያድር ለውጡ ቀላል አይደለም።

22ኛው ደም ቆጠራው ላይ ጥብቅ ነበር። በ12ኛው ሳምንት ከ50 እስከ 100 ማይክሮ ሊትር ደም ተወስዶ የነጭ ሴል ምልክት የሆነው የሰው ሲዲ45 ከሰውና ከአይጥ ሲዲ45 ድምር በመቶ ይሰላል፤ ብዙዎች 25 በመቶን መቀበያ ያደርጋሉ። ችግሩ የአይጧ ነጭ ሴል ራሱ ጥቂት መሆኑ ነው፤ 60 በመቶ የሚል ቁጥር በማይክሮ ሊትር ጥቂት ሴል ብቻ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ፍሎው ሳይቶሜትሩ ላይ በመቁጠሪያ ቢድ እውነተኛው ቁጥር ይወሰድ፤ መቶኛው ብቻውን አይቅረብ። ስቴም ሴሉ በእውነት ስቴም ሴል መሆኑ የሚታወቀው ደግሞ ከመጀመሪያዋ አይጥ መቅኔ ተወስዶ ሁለተኛዋ ላይ ሲተከልና ሲበቅል ብቻ ነው።

23ኛው ክሩን የከፈተው ሰው ራሱ ነው። ሁሉንም አመስግኖ፣ 11ኛውንም ጨምሮ፣ ለተማሪዎቹ የሚያሳየውን ሰሌዳ አስተካክሎ ለጠፈው። «ሙሉ» የምትለዋን አውጥቶ በቦታዋ የሰው ሴል የምትሸከም አይጥ ብሏል። ከእርሱ ሥር በየሳምንቱ ምን እንደሚታይ ደረደረ፤ ለ8ኛው ሳምንት ቢ ሴል፣ ለ12ኛው ሳምንት የመጀመሪያ ቲ ሴል፣ ለ16ኛው ሳምንት ቁጥራቸው የሚጨምረውን። የአውቶክሌቩን መለኪያ ግን 15 ፒኤስአይ ላይ እንደተወው እስካሁን ማንም አላየበትም።